ያላቃናሁት ጥለት

የዘሪሁን አባት፣ የኔ ሆድ፣

ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሞላ። የሞተ ሰው እንዴት ከረምክ አይባልም፤ እኔ ግን ልማዴ ነውና፣ እንዴት ከረምክ? እኛ እንዳለን አለን። ጣሪያው አሁንም ያፈሳል። የሽመና ዕቃህ ላይ ልጅህ ዘሪሁን ተቀምጧል፤ አቀማመጡ አንተን ይመስላል፣ ሲያስል እንኳ አንተን።

በሕይወት ሳለህ ያልነገርኩህ ነገር አለ። መጨረሻ መጨረሻ ላይ ጥለትህ በግራ ጫፉ ይዛነፍ ነበር። ነጠላውን ልቋጭ ስቀመጥ አያለሁ፤ ገዢ ፊት እንዳታፍር ብዬ በመርፌ አቃናና ዝም እላለሁ። መቃኑ ትከሻህን ሲመታህ፣ ይቺን በር ማን አጠበባት ስትል እስቅ ነበር። ግላኮማ የሚሉት ነገር እይታህን ከዳር ከዳር እየበላው እንደሆነ በምን ልወቅ? ሐኪም ቤት የደረስነው አንዱ ዓይንህ ጨርሶ ከጠፋ በኋላ ነው።

ባለፈው ወር የዘሪሁንን ነጠላ ልቋጭ ያዝኩ። ግራ ጫፉ ተዛንፏል። እጄ እንደለመደው መርፌውን አነሳ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። ነጠላውን እንዳለ ጠቅልዬ ልጁን እየጎተትኩ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ዶክተሯ ፊት ጥለቱን ስዘረጋው የምትስቅብኝ መስሎኝ ነበር፤ በጣቷ ዳሰሰችውና የልጁን ዓይን መመርመር ጀመረች። የዓይኑ ግፊት ከፍ ብሏል፣ በሽታው በዘር ይሄዳል አለችኝ።

ትናንት በሌዘር አከሙት። ጠብታ ጨምረውለት፣ አገጩን መሣሪያው ላይ አስደግፎ፣ ጥቂት ደቂቃ ብልጭ ብልጭ አለበት። ሲወጣ ብርሃኑ ሁሉን ነገር ቀይ አስመስሎበት፣ እማዬ ቀላሽብኝ፣ ማን ሊያገባሽ ነው ብሎ ቀለደብኝ። ያው ያንተ ልጅ! ሳቅኩለት።

ሌዘሩ ግፊቱን ያወርዳል እንጂ የጠፋውን እይታ አይመልስም ተባልኩ። መውረዱም የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ በቀጠሮው ነው። እስከዚያ ምን ላድርግ? ሲሸምን ግራ ግራውን አያለሁ። እንደ ጥለት በመርፌ አላቃናው ነገር፣ ዓይን ነው።

ሳላቃናት የቀረች አንዲት ነጠላህ ሳጥኔ ውስጥ አለች። ለቀጠሮው እሷን ለብሼ፣ የተዛነፈውን ጫፍ ወደ ውጭ አድርጌ አብሬው እሄዳለሁ። ከእንግዲህ መርፌ አይነካትም። እኔን እስኪገንዙኝ ድረስ እንደተዛነፈች እለብሳታለሁ፤ ያን ጊዜ አይቼ ዝም ያልኩትን እያየሁት እንድኖር።

ባለቤትህ አስቴር