ከግብዣ የተለቀመ ቡሽ

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ሞተር ብስክሌቴ ጮኸ እንጂ አልሄደም። ወደ አምባ ጊዮርጊስ የሚያወጣውን ዳገት ሳላጋምስ ሞተሩ እንዳበደ ያጓራል፣ የኋላው ጎማ ግን እየሰነፈ መጥቶ ቆመ። ማርሽ ቀነስኩ። ያው ነው። ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፤ የሞተሩን ጉልበት ለጎማው አያደርስም። ሜዳ ላይ ሲሸነግለኝ ከርሞ ዳገት ላይ ተጋለጠ።

በቅሎ የሚነዱ ሁለት ገበሬዎች ቆመው አዩኝ። አንደኛው «ምነው አያ፣ ገብስ አልበላም እንዴ?» አለኝ። በሃምሳ አራት ዓመቴ፣ በኮትና በከረባት፣ ላቤ ጠብ እያለ። አልሳቅኩም። ቢሆንም ገፍተው አዞሩልኝና ቁልቁለቱን ሞተር አጥፍቼ ወረድኩ።

ለምን እንደምሄድ ልጻፈው፣ ንዴቴ እንዳይበርድ። ዓርብ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ባለው ትምህርት ቤት የመምህርቷ የወይዘሪት እልፍነሽ ጉዳይ በሽማግሌዎች ጉባኤ ይታያል። ከሳሹ ፊታውራሪ ደምለው ናቸው። ልጆቹን ምንም አላስተማረችምና ትነሣልን ይላሉ። እውነቱ ሌላ ነው፤ የእሳቸውን ልጅ አራተኛ ክፍል አስደግማዋለች። ልጆቹን ባለፈው ግንቦት የፈተንኩ እኔ ነኝ፣ የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪው። ያነባሉ፣ ያባዛሉ፣ ያካፍላሉ። ይህን አይቶ የሚመሰክር ሌላ ሰው የለም። ካልደረስኩ ትባረራለች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ላንድሮቨሩን ጠየቅሁ። አይገኝም። ለቁስቋም በዓል ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ፤ የመንግሥት መኪና ሁሉ ለእነሱ ተይዟል። አውቶቡሱስ? እሱም ተቀባይ ሕዝብ ያመላልሳል። የትምህርት ቢሮው ሹማችን ፈገግ ብለው ሐሳቤን በጽሑፍ እንድልክ መከሩኝ። ወረቀት! ፊታውራሪ ሲዋሹ ወረቀት ተነሥቶ አያቋርጣቸውም። ቀኑንም አውቀው ነው የመረጡት፤ ከተማው ሽር ጉድ ሲል ማን ይመጣብኛል ብለው።

አዘዞ ያለው መካኒክ ዘንድ እያዘገምኩ ወረድኩ። ሽቦውን አላላው፣ አጠበቀው፣ እንደገና አላላው። ለውጥ የለም። ዕቃው ከአስመራ ይታዘዛል አለ። መቼ ይደርሳል? ከጥምቀት በፊት። ከዓርብ በፊት የሚለውን እንኳ አልጠየቅሁትም፤ መፍቻዎቹን ተውሼ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ቢሮ አልሄድኩም። ይቅጡኝ።

ዘይቱን አፍስሼ የፍሪሲዮኑን ሽፋን ከፈትኩ። ሞላዎቹ ደህና ናቸው። ዲስኮቹን አንድ በአንድ አወጣሁ። በብረቱ ዙሪያ ቀዳዳዎች አሉ፤ ቀዳዳዎቹ በቡሽ ተወትፈዋል። ብረት በብረት ላይ እንዳይሸሽ ነክሶ የሚይዘው ያ ቡሽ ነው፤ ከብረቱ ትንሽ ከፍ ማለት ነበረበት። የኔው ተቃጥሎ፣ ጠቁሮ፣ ከብረቱ እኩል ሆኗል።

ቡሽ ብቻ! እንግሊዞች ሲወጡ ትተውት የሄዱት ይህ ሁሉ ብረት የቆመው በጠርሙስ መክደኛ ላይ ነው። እኔ መጠጥ አልቀምስም። ጎንደር ውስጥ ይህን ያህል የወይን ጠጅ ጠርሙስ የሚከፈተው የት ነው? መልሱ ወዲያው መጣልኝ፦ የእንግዶቹ ግብዣ። ዛሬም ዓርብም ጾም ስለሆነ ሐሙስ ምሳ ላይ አድርገውታል። የጥሪ ወረቀቴን ለሁለት ቀድጄ ጥዬው ነበር። ከቅርጫት አወጣሁት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

በሕይወቴ እንዲህ በደስታ ግብዣ ሄጄ አላውቅም።

ንግግሩን አልሰማሁም። ዓይኔ አስተናጋጁ ላይ ነበር። አንድ ጠርሙስ ሲከፍት ቡሹን ተቀበልኩት፤ ሌላ ሲከፍት ሌላ። በሦስተኛው «ጌታዬ፣ ሰው ጠጁን ሲጨርስ እርስዎ ክዳኑን?» አለኝ። ምክንያቱን ስነግረው ሳቀና የወጥ ቤቱን ቅርጫት ጠቆመኝ። የኮቴ ኪሶች እስኪያብጡ ሞላሁ። አንዱ አምልጦኝ ከሹማችን ጠረጴዛ ሥር ገባ። ተንበርክኬ ስፈልግ ከላይ ድምፃቸው መጣ።

«አቶ ገሠሠ፣ ምን ወደቀብዎ?»

«ፍሪሲዮኔ።»

እንግዶቹ «ምን ነካው?» ተባባሉ። ይበሉ። መኪናውን ከለከሉኝ፣ ቡሹን ግን ወሰድኩ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ጥሩወርቅ የሰው ድግስ ትራፊ ለቅመህ መጣህ ወይ ብላ ተቆጣች። ቡሹን በሽሮ ድስቷ ስቀቅልማ አኮረፈች። ሲለሰልስ በምላጭ እየቆረጥኩ ቀዳዳው ውስጥ ወተፍኩ። ቸኩዬ ገጠምኩት፤ አስነሥቼ ማርሽ ሳስገባ፣ የፍሪሲዮኑን እጀታ እንደጨበጥኩ፣ ዘሎ አጥሩን ሰበረ። አሁን ደግሞ አልለቅም አለ። አንዳንዱ ቡሽ ረዝሟል። የራሴ ስህተት ነው፤ ከሰው የማልታገሠውን ዓይነት።

እንደገና ፈታሁ። የብርጭቆ ወረቀት መስተዋት ላይ ዘርግቼ እያንዳንዱን ዲስክ እኩል እስኪሆን ፈተግሁ። ጥሩወርቅ ኩርፊያዋን ሳትተው መጥታ መስተዋቱን ያዘችልኝ። ከመሸ በኋላ ሲሠራ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ያዘ!

በዚያው ዳገት፣ በዚያው ማርሽ፣ ሳይሸሽ ወጣ። ሰኞ የቆምኩበት ስደርስ ብቻዬን ጮህኩ። ወገራ ሜዳ ላይ ብርዱ ፊቴን ላጠው፤ ግድ አልሰጠኝም። ከአምባ ጊዮርጊስ በኋላ መንገዱ ድንጋይ ነው። መጨረሻው አቀበት ላይ ትንሽ ሸሸና የተቃጠለ ሸተተኝ። ወርጄ እየገፋሁ ጨረስኩት።

ጉዳዩ በመማሪያ ክፍሉ ውስጥ ተጀምሮ ነበር። ፊታውራሪ አዩኝና «አንተ ደግሞ በምን መጣህ?» አሉ። ምስክር ነኝ፣ ስሜን ጻፉ አልኩ። የጉባኤው ሰብሳቢ አስቀድሞ ያልተመዘገበ ምስክር አይሰማም አለ። እንግዲያው ልጆቹን ጥሩና እዚሁ ፈትኗቸው፣ የሚጠየቁትን ልጆችም ፊታውራሪ ራሳቸው ይምረጡ አልኩ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ፣ ይኼማ ሸጋ ነገር ነው አለ። ፊታውራሪ አልመረጡም፤ በዓል ደርሷል፣ ሰው ይበተን አሉ። ለሰኞ ተቀጠረ። እስከዚያ ታስተምራለች።

«እስከ ሰኞ እዚህ ልትከርም ነው?» አሉኝ ፊታውራሪ ሲወጡ።

«አዎን።»

የሰኞውን አላውቅም። ሽማግሌዎቹ የእሳቸው መሬት ላይ ነው የሚያርሱት፤ በሦስት ቀን ብዙ ሰው ይለዝባል። የማውቀው እኔ እንደማልነቃነቅ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሁለት አግዳሚ ወንበር ገጥሜ መኝታ ሠርቻለሁ።

ወይዘሪት እልፍነሽ ቆሎ ይዛልኝ መጣች። ማለዳ ሻንጣዋን አስራ ነበር፤ ከበሩ ሥር አየሁት። ፍቺው አልኳት። ቆሎውን አስቀምጣ ቆመች።

«ጋሼ፣ ሰኞ እናያለን» አለች።

ይህን ስጽፍ ገና አልፈታችውም።