ጥቁሮቹ ዓሦች ጨው ለመዱ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ አዲሱ ቤታችሁስ? ያ ሲያስነጥስሽ የከረመው ጉንፋን ለቀቀሽ? ባለቤትሽንም ሰላም በይልኝ። እኔ ደረጃ ስወጣ ከሚያጉረመርመው ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እንዲያውም ደህና ብቻ አይደለሁም፣ ደስታ ሊያፈነዳኝ ነው! በስልክ እንዳልነግርሽ አንቺ «አባዬ፣ ስብሰባ ልገባ ነው» ትያለሽ፤ ወሬዬ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ወረቀት አንሥቼ ቁጭ አልኩ። አንቺም ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ልጄ፣ ዓሦቹ ወለዱ!

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ስታገቢ የባሕር ዓሦችሽን ለጓደኛሽ ሰጥተሽ፣ የመስታወት ገንዳውን ግን «ለፈለገ ሰው ስጠው» ብለሽኝ ሄድሽ። አልሰጠሁትም። ጨዋማ ውሃውን ከነድንጋዮቹ ትቼ፣ ማጣሪያውንም ሳላጠፋው ቆየሁ። እናትሽ አርፋለች፣ አንቺ ሄደሻል፤ ቤት ውስጥ የሚያንሿሿ ነገር ሲኖር ሰው ያለ ይመስላል። ግን ባዶ ውሃ ላይ አፍጥጦ መዋል ያለ ተሳፋሪ አውቶቡስ እንደ መንዳት ነው። ዕድሜ ልኬን ሾፌር ሆኜ ባዶ አውቶቡስ ምን ያህል እንደሚያስጠላኝ ታውቂያለሽ።

ዓሣ ሻጩ ዘንድ ሄድኩ። የባሕር ዓሣ የለውም፤ መቼ እንደሚመጣለትም አያውቅም። ተስፋ ቆርጬ ልወጣ ስል ጥግ ላይ ካለ ገንዳ ውስጥ ከሰል የመሰሉ ጥቁር ዓሦች አሳየኝ። ሞሊ ይባላሉ። የወንዝ ዓሦች ቢሆኑም ወንዝ ከባሕር በሚቀላቀልበትም ቦታ ይኖራሉ፤ ቀስ ብሎ ካስለመዷቸው ሙሉ የባሕር ጨው ይችላሉ አለኝ። ከጎናቸው ባለው ገንዳ ደግሞ እንደ ሳህን ጠፍጠፍ ያለ፣ ሰውነቱ ነጠብጣብ የሆነ ዓሣ ነበር። እሱ ያደገው ከዱሮም ግማሽ ጨዋማ በሆነ ውሃ ነው። እያንዳንዷን ጥግ እየዞረ ሲፈትሽ ሳየው ትኬት የሚቆጣጠሩት ሰዎች ትዝ አሉኝና እዚያው ስም አወጣሁለት፦ ተቆጣጣሪው። እሱንም ጥቁሮቹንም ገዛሁ።

ሥራው በአፍ ሲነገር ቀላል ነው። ጥቁሮቹን በመጡበት ውሃ ሳፋ ውስጥ ታስቀምጫቸዋለሽ፤ ከገንዳው የጨው ውሃ በጠብታ ታንጠባጥቢላቸዋለሽ፤ ሳፋው ሲሞላ ቀንሰሽ እንደገና ታንጠባጥቢያለሽ። የሁለቱ ውሃ ጨው እኩል እስኪሆን ድረስ እንዲሁ ነው። ሻጩ «ብቻ አይቸኩሉ» አለኝ። ለማን ነው የሚለው? በሰዓት ሲነዳ ለኖረ ሰው!

ከገንዳው ቱቦ አውርጄ ጫፉን በልብስ መቆንጠጫ ያዝኩትና ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ መቆንጠጫው ተስፈንጥሯል፤ የጨው ውሃው ሳፋውን ሞልቶ፣ ወለሉን አልፎ በሩ ጋ ደርሷል። መወልወያ ስፈልግ በሩ ተንኳኳ። ማን ትሆን? ሲስተር! አዎ፣ ራሷ። ከእኛ በታች የምትኖረው፣ ጡረታ የወጣችው አዋላጅ ነርስ። ያኔ ገንዳሽ አፍስሶ ኮርኒሷን ያበሰበስንባት፤ ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ስትተላለፉ አንቺ መስኮት፣ እሷ ግድግዳ የምታዩት።

ይቅርታዬን አዘጋጅቼ ከፈትኩ። ልትጮህብኝ አፏን ከፍታ ሳፋውን አየችና ኮርኒሷን ረሳችው። ጨው ባንድ ጊዜ ስለገባባቸው ጥቁሮቹ ክንፋቸውን ሰብስበው ከታች ተኝተዋል፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «እርስዎ ሰውዬ፣ ሊፈጇቸው ነው እንዴ?» አለችኝ። የመጡበት ዓይነት ውሃ ካለኝ ቶሎ እንድጨምር አዘዘችኝ። ሻጩ በጄሪካን የሰጠኝን ጨመርኩ። ከዚያ ወደ ቤቷ ወርዳ ያልተከፈተ የግሉኮስ ቱቦ ይዛ ተመለሰች፤ ያ ለሕመምተኛ የሚሰቀለው፣ ጠብታውን በትንሽ ጎማ ማጥበቅና ማላላት የሚቻለው። ስትገጥመው «ይህንን ቀድመው ቢጠይቁኝ ኖሮ የእኔም ኮርኒስ ይተርፍ ነበር» አለች።

አንዱ ግን አልተረፈም። በመዳፌ ይዤው ቆምኩ። ትንሽ ዓሣ ነው ብለሽ አትሳቂብኝ። የቀሩትን ለሻጩ ልመልሳቸው ቆርጬ ነበር፤ እንቢ ያለችው ሲስተር ናት። ግማሽ መንገድ የደረሰ ሕመምተኛ አይመለስም ብላ ተቆጣችኝ።

በማግሥቱ ጠብታውን ልታይ መጣች። ከዚያም በማግሥቱ። ትንሿን የጨው መለኪያሽን «ካንተ ዓይን የእኔ ይሻላል» ብላ እሷ ማንበብ ጀመረች፤ እኔ ውሃ እቀንሳለሁ። ተቆጣጣሪው በሌላ ባልዲ፣ በለመደው ውሃ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር፤ የጥቁሮቹ ውሃ ከእሱ ውሃ ጋር እኩል ሲሆን ግማሽ መንገድ ላይ ሳፋው ውስጥ ተሳፈረ። ከገባ ጀምሮ እነሱን አስቁሞ ትኬት ከመጠየቅ ሌላ ሥራ የለውም! አንድ ጠዋት መለኪያው አልንቀሳቀስ ሲለኝ ጎማዋን ትንሽ ላላ ባደርጋት፣ ከወጥ ቤት «አይቼሃለሁ!» የሚል ድምፅ መጣ። ወዲያው መለስኳት።

ወደ ገንዳው የተዛወሩበትን ቀን ብታዪ! ፈርቼ በጣቶቼ መሐል ነበር የማየው። መጀመሪያ ተቆጣጣሪው ገባ፤ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ፈትሾ አጸደቃቸው። ቀጥሎ ጥቁሮቹ። ለአፍታ ተንሳፍፈው ቆሙና እልም! ከዳር እስከ ዳር እንደ ቀስት! ጨው ውስጥ ጥቁረታቸው ራሱ እንደ ሐር ያበራል። እኔ አጨበጨብኩ፤ ሲስተር «ዝም በል፣ ታስደነግጣቸዋለህ» አለችኝ፣ ግን እሷም ታጨበጭብ ነበር።

አሁን ወደ ልደቱ። ትናንት ጠዋት ፊቴን እየታጠብኩ ሳለ «አንተ! ና ቶሎ! ይቺ ምጥ ላይ ናት!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። በሳሙናዬ ሮጥኩ። እነዚህ ዓሦች እንቁላል አይጥሉም ልጄ፣ ነፍስ ያለው ልጅ ነው የሚወልዱት! የምስር ፍሬ የምታህል ነገር ተጠቅልላ ትወጣለች፣ ተዘርግታ ዓይን ታወጣለች፣ ከዚያ ትዋኛለች። በሙሉ የባሕር ጨው ውስጥ! ደስታችን ሳይበርድ ተቆጣጣሪው ወሬ ሰምቶ አፉን ከፍቶ ሲመጣ አየን። ሕፃናቱን ትኬት አልቆረጡም ብሎ ሊውጣቸው! ሲስተር ወንፊት ገንዳው ጠርዝ ላይ አሰረች፤ ክንዳችንን እስከ ብብት ነክረን እኔ በጭልፋ፣ እሷ በማንኪያ ለቀማ ያዝን። «በግራ! በግራህ! ቀስ!» ትለኛለች፣ ልክ ማዋለጃ ክፍል እንዳለች። ተቆጣጣሪው አንዷን ቀደመን፤ ሌሎቹን አተረፍናቸው። ሁለታችንም በስብሰን ወለሉ ላይ ቁጭ ብለን ሳቅን፤ ሳቁ አላቆም ብሎን ጎናችንን ያዝን። ስንቱን እናት ያዋለደች ሰው፣ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ልደት አላየችም ነበር። ዓይኗ እንባ አቀረረ። የእኔን እንባ ግን ሳሙናው ነው አልኩ።

ሌላው ወሬ ብዙም አይደለም። ሲጋራ ለዓሦቹ አይስማማም ስለተባለ ትቻለሁ። አዎ፣ ትቻለሁ፤ ደግመሽ አታንብቢው። ጫማዬንም በር ላይ አወልቃለሁ። የእናትሽ ፎቶ የነበረበት ግድግዳ ላይ ነው፤ መስታወቱን ሲስተር ትወለውለዋለች፣ ስትወለውልም ደህና አደርሽ ትላታለች። የኮርኒሱን ነገር እሷ ረስታዋለች፤ አንቺም እርሺላት። ደግሞ ያንን የታችኛውን ቤቷን ልታከራየው አስባለች፤ ጸጥ ያለ ተከራይ የምታውቂ እንደሆን ጻፊልኝ።

ልጄ፣ እግዜር የምትረግጪውን መሬት ያለስልስልሽ፤ ትዳርሽን የሳቅ ቤት ያድርግልሽ፤ እኔን ለማየት ያብቃሽ። በዓመት ፈቃድሽ መምጣት አትርሺ። በሩን ስታንኳኪ ሌላ ሰው ቢከፍትልሽ ቤት የተሳሳትሽ እንዳይመስልሽ። ግቢ።

የሚወድሽ
አባትሽ