እንከን የሌለው ጎራዴ ስለ መለሱልኝ

ፍኖተ ሰላም፣ ጥቅምት ፳ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለበዓል ትርኢት አዘጋጅ ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ለክቡር ፊታውራሪ አድማሴ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? እኔም፣ ቤቴም፣ የላኩልኝም ብረት እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ብረቱ ብቻ ጎበጥ ብሏል።

የሟች ባለቤቴን የአቶ ደረሰን ጎራዴ ለትርኢቱ በአደራ ወስደው፣ ከሦስት ወር በኋላ «ተወልውሏል» ከሚል ወረቀት ጋር አንድ ጎራዴ ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። የጅጋዋ ወይዘሮ አቻምየለሽም የአባታቸው ጎራዴ እንዲሁ ተወልውሎ ስለ ደረሳቸው፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አጋድመን መረመርናቸው። ያገኘነውን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ/ የባለቤቴ ጎራዴ እጀታው የአውራሪስ ቀንድ ነበር፤ የተመለሰልኝ ጥቁር ቀለም የተቀባ እንጨት ነው። ቀለሙ መዳፌ ላይ ስለ ቀረ፣ ቢጠራጠሩ መዳፌን ይዤ እቀርባለሁ።

፪ኛ/ የወይዘሮ አቻምየለሽ ጎራዴ ጉልበት ላይ ሲጫኑት ጎብጦ ይመለሳል፤ የእኔው ጎብጦ ይቀራል። ስለዚህ የእርሳቸው እንደሚበልጥ ያለ ክርክር ተስማምተናል። ቡሬ ድረስ ሄጄ ያገኘሁት ቀጥቃጭ ሁለቱንም ከአንድ በርሜል ቆርጦ በኮሚቴው ትእዛዝ እንደ ሠራ ነግሮኝ፣ የእኔ ከዛገው በኩል ስለ ወጣ ይቅርታ ጠይቆኛል። ሥራውን ያልካደ ሰው እርሱን ብቻ አገኘሁ።

፫ኛ/ አቤት ብል፣ የእኔው ጎራዴ የሚታወቅበትን ምልክት እንዳቀርብ አዘዋል። እነሆ ምልክቱ።

እውነተኛው ጎራዴ ከጫፉ አንድ ስንዝር ወረድ ብሎ የስንዴ ፍሬ የሚያህል ሽርፍ አለው። የሸረፍሁት እኔ ነኝ። ለፋሲካ ምሳራችንን ጎረቤት ተውሶት ስለ ነበር የበሬ ቅልጥም በጎራዴው ሰበርሁ። ባለቤቴ ግን በዚያው ሰሞን ለሠርግ የተዋሰውን ታናሽ ወንድሙን እጅጉን ጠረጠረና ከቤት አባረረው። ዐሥራ አንድ ዓመት ሳይነጋገሩ ባለቤቴ ሞተ። በለቅሶው ጎራዴው እየታየ ሲዞር እጅጉ ከአጥር ውጭ ቆሞ አለቀሰ። ያን ጊዜም ዝም አልሁ።

ይህን ከንስሐ አባቴ በቀር የሰማ አልነበረም። አሁን ግን ማስረጃዬ የገዛ ጥፋቴ ስለ ሆነ፣ በሚመጣው የገበያ ቀን ለሕዝብ አነበዋለሁ። የሸረፍሁትን ጎራዴ ትቼ እንከን የሌለውን አልቀበልም። የባለቤቴ የሰባት ዓመት ተዝካር ኅዳር ፲፪ ነው፤ ያን ዕለት ጎራዴውን ይዞ የሚቆመው እጅጉ ነው።

ደብዳቤውን ማን እንደ ጻፈልኝ በማጣራት አይድከሙ። ፊደል የለየሁት ብቻዬን፣ በባለቤቴ ዳዊት ላይ ነው።

የአደራ ዕቃ አሳምረው የሚመልሱ እጆችዎን እየመረቅሁ፣ በእንግዳ መቀበያዎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሰው ሁሉ የሚያደንቅልዎትንም ጎራዴ ሳልረሳ፣

አክባሪዎ
እህተ ማርያም ቢሆነኝ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከማንም አስቀድሜ ያነበብሁት ለእጅጉ ነው። ስጨርስ፣ ሽርፉ የቱ ጋ እንደ ሆነ ደግሜ እንድነግረው ጠየቀኝ። ዐሥራ ስምንት ዓመት የተወቀሰበትን ሽርፍ አንድም ቀን አላየውም ኖሯል። ደብዳቤውንና የላኩልኝን ብረት ይዞ የሚመጣው እርሱ ነውና፣ ከግድግዳው ፊት ለፊት ወንበር ይስጡት። ሳያየው አይነሣም።