በገመዱ ላይ ቦታሽን ይዤ

የእናቴ ልጅ፣ በእጄ ያሳደግኩሽ ትዕምርት፣

ከዚህ ከጭሮ ብርድ እስከዚያ እስከ ጅዳ ሙቀት ድረስ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? እንቅልፍ ይበቃሻል? እህሉስ ይስማማሻል? የምትሠሪበት ቤት ሰዎች ፊታቸው እንዴት ነው? ይህን ሁሉ በስልክ ጠይቄሽ ለሁሉም «ደህና ነኝ» ብለሽኛል። በስልክ የመጣ ደህና ነኝ ልቤን ስለማያሳርፈው በወረቀት ደግሜ ጠየቅኩሽ። እኛ ጌታ ይመስገን ሁላችንም በሕይወት አለን። ዝናቡ ዘንድሮ አላሳፈረንም፤ የጓሮው በቆሎ ደርሶ እሸቱን በበላን ቁጥር አባባ የአንቺን ድርሻ ለይቶ ያስቀምጥና ሲደርቅ እያዘነ ለዶሮ ይሰጠዋል።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ከጅዳ ለፈቃድ የመጣችው ሳሊሃ ናት። ፈቃዷን ጨርሳ ወደ ሥራዋ ስትመለስ አጠገብሽ ተቀምጣ እስክታነቢው እንድትቆይ ለምኛታለሁ። ለምን በኢሞ አልነገረችኝም እንዳትዪ። ድምፅሽን ስሰማ የያዝኩት ነገር ሁሉ ይበተንብኛል፤ አንቺም ቶሎ ብለሽ ወሬውን ታስቀይሪኛለሽ። እኔ እንደምታውቂው ፊደል የለየሁት ከሱቅ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው፤ ስጽፍ እዘገያለሁ። ለዚህ ነገር መዘግየቱ ይሻለኛል።

አስቀድሜ የቡድኑን ወሬ ልንገርሽ፤ የምትጓጊው ለእሱ ነውና። አንቺ ከሄድሽ በኋላ የተከላካይ መስመራችን እንደ አሮጌ አጥር ሆነ። አንዱን ወገን ስንደግፍ ሌላው ይወድቃል። ከሊጉ ሳንወርድ የተረፍነው በሹክሪያ እጅ ነው፤ በረኛ ባትሆን ኖሮ ግድግዳ ትሆን ነበር። ውድድሩ ሲያልቅ ደግሞ ዮዲ አዲስ አበባ ሄዳ ለሌላ ክለብ ፈረመች። ሙሚና በደሳ ከተማ አገባች፤ ታኬታዋን አጥባ ለእኔ ሰጥታኝ ሄደች፤ ለማን እንደምሰጠው አልነገረችኝም። ከእናንተ ከአራታችሁ ተከላካዮች የቀረችው መሃል ላይ ያንቺ ጥንድ የነበረችው ሙሉ ብቻ ሆነች። አሠልጣኛችን ነጋሽም ክረምቱን ሙሉ በየከተማው ሲዞር ከርሞ አንዷን ከቦርደዴ፣ አንዷን ከበደሳ ለቀኝና ለግራ መስመር አመጣ። ከመሰላ ደግሞ እሴት የምትባል ረጅም ልጅ ለሙከራ ጠራ፤ እሷ እንዳንቺ ስቶፐር፣ የመሃል ተከላካይ ናት።

አሁን ነጋሽ የጀመረውን ነገር ብታዪ ትስቂ ነበር። የጫት መኪና ጭነት የሚታሰርበትን ረጅም ገመድ አምጥቶ አራቱን ተከላካዮች በየወገባቸው ያስራቸዋል። በመካከላቸው ያለው ገመድ ሳይላላም ሳይወጠርም አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ወደ ግብ ያፈገፍጋሉ፣ አብረው ወደ ጎን ይሄዳሉ። «አንዷ ስትወጣ አራቱም ይውጡ። የቀረች ካለች አጥቂዋ በእሷ በኩል ገብታ ታመሰግናታለች» ይላል። አራተኛዋ ግን አልነበረችም። በጥቅምት ውሌን ጨርሼ እደርሳለሁ ብለሽ ስለላክሽበት ቁጥር አምስት ማልያሽን አጣጥፎ አስቀምጦልሻል፤ አምበልነቱንም ለማንም አልሰጠም። እሴትን እሰርበት ቢሉት «ዛሬ አንዷን፣ ነገ ሌላዋን ካሰርኩ ሙሉ የማንን እርምጃ ትልመድ?» አለ። ከዚያ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። «ኮከቤ፣ አንቺ ነይ። የእህትሽን እርምጃ ከልጅነቷ ጀምሮ ከኋላዋ ስትሮጪ ታውቂዋለሽ። ቦታውን ብቻ ያዢልኝ፤ ኳስ ንኪ አላልኩሽም።»

እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ፣ የወጌሻ ቦርሳዬን ሜዳ ዳር አስቀምጬ፣ በነጠላ ጫማዬ በሙሉና በቦርደዴዋ ልጅ መካከል ታሰርኩ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ሹክሪያ ከግቡ ሆና «አዴ ኮከቤ፣ ከኋላሽ ያለው ግብ ነው፣ የቤትሽ በር እንዳይመስልሽ፤ እንግዳ አታስገቢ» ትለኛለች። አጥሩ ላይ የተደገፉ የባጃጅ ልጆች «ይቺን የትኛው ክለብ አስፈረማት?» «ወጣት ቡድን ናት፣ ገና ታድጋለች» እየተባባሉ ይዘብቱብኛል። እኔም ሳቅኩ። ሙሉ ስትወጣ እወጣለሁ፣ ስትመለስ እመለሳለሁ። ትንፋሼ እየተቆረጠ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር፤ አንቺ የምትቆሚበት ሣር ላይ ቆሜ ስለነበር መሰለኝ።

እሴት ግን አትስቅም ነበር። ለብቻዋ ታሟሙቃለች፣ ለብቻዋ ትሮጣለች፣ ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ እኔን ታያለች። የመጣችው ለመፈረም ነው፤ የተነገራት ግን አምበሏ ከመጣች ትመለሳለሽ፣ ካልመጣች ትቀሪያለሽ የሚል ነው። አንድ ቀን ባቷ ይዟት ሳሽላት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አዴ፣ እህትሽ በእውነት ትመጣለች? የምትመጣም ከሆነ ንገሪኝ፤ አባቴ ለጫት ለቀማ ይፈልገኛል፤ እንደ ዕቃ ተቀምጬ ልቀር አልፈልግም» አለችኝ። ያኔ መልሱን አውቅ ነበር፤ ግን ባቷን ማሸቴን ቀጠልኩ።

እህቴ፣ ወደ ጻፍኩበት ነገር ልምጣ።

በአረፋ ዕለት የላክሽልንን ቪዲዮ አስታውሺ። ማዳምሽ የሰጠችሽን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሰሽ ከፎቅ ደረጃ እየሳቅሽ ስትወርጂ ነው። ቤት የነበርነው ሁሉ በስልኩ ዙሪያ ተሰብስበን አየነው። አባባ አንቺ ባሳከምሽው ዓይኑ ስልኩን አስጠግቶ አየና «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እንዴት አምሮባታል፤ በዓይኔ አየኋት» ብሎ አለቀሰ። ሰው ሁሉ ቀሚሱን አየ። እኔ እግርሽን አየሁ። በእያንዳንዱ ደረጃ ግራ እግርሽ ቀድሞ ይወርዳል፤ ቀኙ ይከተለውና እዚያው ደረጃ ላይ አጠገቡ ይቆማል። እጅሽ ከብረቱ አልተለየም። ታች ስትደርሺ ዞር ያልሽው በጉልበትሽ ሳይሆን በመላ ሰውነትሽ ነው። ስንቱን ጉልበት በእጄ ይዣለሁ፤ ያንቺን ደግሞ መዳህ ሳትጀምሪ አውቀዋለሁ። ቀሚሱ ጠቦሽ ይሆናል፣ ደረጃው አንሸራትቶሽ ይሆናል እያልኩ ለራሴ ሰበብ ስፈልግ ከረምኩ።

ሳሊሃ ስትመጣ መነኻሪያው አጠገብ ያለው ሻይ ቤት ወሰድኳት። እባክሽ አትቀየሚያት። «ጉልበቷን ያየላት ሐኪም አለ?» ብዬ ብቻ ጠየቅኳት። ብርጭቆዋን አስቀምጣ በሻሿ ፊቷን ሸፈነች። «ወላሂ አዴ፣ እንዳልናገር አስምላኛለች» አለች። «መሐላሽን አታፍርሺ። እኔ ልናገር፤ ስሳሳት ብቻ አርሚኝ» አልኳት። ወድቃለች አልኩ። ግራው ነው አልኩ። ማስታገሻ ሰጥተዋት እንዳበጠ ሠርታበታለች፤ አሁን እንደ ልቡ አይታጠፍም አልኩ። አንዱንም አላረመችኝም። ብርጭቆዬን ሳነሳ ነው «ከመሰላል ነው፣ መጋረጃ ስታወርድ» ያለችኝ። ከዚያም ከመውደቅሽ ይልቅ ያስደነገጠኝን ነገረችኝ። እግሬ እስኪሻለኝ ውሌን አድሳለሁ፣ በምን ፊቴ እንዲህ ሆኜ እገባለሁ ትላለች አለችኝ።

በማግስቱ ነጋሽ ገመዱን ወገቤ ላይ ሲያስር እጆቼን አነሳሁለት። ሹክሪያ ስትቀልድ ሳቅኩ። ሙሉ «እህትሽ ስትመጣ እኮ ይህን ሁሉ ትታዘበናለች» ስትለኝ አዎ አልኩ። ከአፌ አንድ ቃል ከወጣ ቦታሽን በእጄ የዘጋሁብሽ እየመሰለኝ፣ ሰውነቴ ከእነሱ ጋር ወደ ፊት ወደ ኋላ ይል ነበር።

ለሊጉ የተጫዋቾች ስም ዝርዝር የሚላክበት ቀን ሲደርስ ነጋሽ ከልምምድ በኋላ ለብቻዬ ጠራኝ። አብሮ አደጌ ስለሆነ ፊቴን ያነባል። «ኮከቤ፣ እንደ እህት አልጠይቅሽም። እህት ብትዋሽም አይፈረድባትም። እንደ ወጌሻ ልጠይቅሽ። ትዕምርት ለዘንድሮ ትደርሳለች?» አለኝ። ወገቤ ላይ ገመዱ ገና አልተፈታም ነበር። «እንደ ወጌሻ ከሆነ አትጠብቃት» አልኩት። «አንቺ ካሸሻትስ?» አለኝ፤ እንደ ልጅ ነው የጠየቀኝ። «እጄ የሚመልሰውን አውቀዋለሁ፤ ይህ ብዙ ጊዜ አልፎበታል። ሐኪም አይቶ ሌላ ነገር ካለ እልል እላለሁ። አንተ ግን ቡድንህን ሥራ» አልኩት። ወደ ግቡ ጀርባ ሄዶ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ቆመ። እኔም ልከተለው አልቻልኩም።

ገመዱን የፈታሁት እኔ ነኝ። እሴትን ከአግዳሚው ጠርቼ ወገቧ ላይ ያሰርኩትም እኔ ነኝ። ቋጠሮውን ሳጠብቅላት ልጅቷ አንገቷን ደፍታ «ይቅርታ አዴ» አለችኝ። «ምን አጠፋሽ?» አልኳት። ቁጥር አምስትን አልሰጧትም፤ ነጋሽ ሌላ ቁጥር አሰፋላት። አምበልነቱን ሹክሪያ አልወስድም ብላ ስታለቅስ ውላ በመጨረሻ ወሰደችው።

ባለፈው እሑድ ከድሬዳዋ ከመጣ ቡድን ጋር የወዳጅነት ጨዋታ አደረግን። በአንድ ግብ ተሸነፍን። ግን ከዕረፍት በኋላ ረጅም ኳስ ሲመጣባቸው አራቱም ያለ ገመድ፣ እንደ ታሰሩ ሆነው አብረው ወጡ፤ አጥቂዋ ብቻዋን ከኋላ ቀረች፤ የመስመር ዳኛዋ ከጨዋታ ውጭ ብላ ባንዲራዋን አነሳች። እኔም ሳላስበው ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ። ወዲያው ያጨበጨብኩለት ቦታ ያንቺ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ቁጭ ብዬ ፊቴን ሸፈንኩ። ሰዎቹ በመሸነፋችን ያለቀስኩ መስሏቸው «ተይ እንጂ፣ ወዳጅነት እኮ ነው» እያሉ አባበሉኝ።

ትዕምርትዬ፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩልሽ እዚያ ሆነሽ አንድ ነገር እንዳትጠብቂ ነው። ቦታሽ ተይዟል። እግሬ ሲሻለኝ ብለሽ ውል ብታድሺ እግርሽም አይሻልሽም፣ ቦታውም አይጠብቅሽም፤ በየቀኑ ያንን ደረጃ መውጣትና መውረድ ብቻ ይተርፍሻል። ይህን ስጽፍልሽ አንቺ ስታነቢው ምን እንደምትሆኚ አውቃለሁ፤ ኳስ ላንቺ ምን እንደሆነች ከእኔ የተሻለ ማን ያውቃል። አልቅሺ፤ ሳሊሃ አለችልሽ። ከዚያ ግን ተነሺና በጥቅምት ነይ። ለቡድኑ አይደለም። ለእኔ ነይ። እዚያ ማንም ጉልበትሽን ልጎትትልሽ፣ ላሽልሽ ቢል እሺ እንዳትዪ። ስትተኚ ከሥሩ ትራስ አድርጊ። ከባድ ዕቃ ይዘሽ ደረጃ አትውጪ፤ ማዳምሽን ለምኚያት፤ ሰው ከሆነች ትሰማለች። ስትመጪ መጀመሪያ የምንሄደው ሐኪም ጋ ነው፤ የሚለንን አብረን እንሰማለን።

እትዬ ዘርፈሽዋል ጎረቤታችን በብዙ ሰላም ብላሻለች፤ ጸሎት ላይ ስምሽን ሳትጠራ ቀርታ አታውቅም። ልጄ ቦንሳ ሰላም ይልሻል፤ ድምፁ ጎርንኖ አንቺ የምታውቂው ልጅ አልመስልሽ ይላል። ሙሉ ናፍቆቷን መጻፍ አልቻለችም፤ ንገሪያት ብቻ አለችኝ። ሹክሪያም ሰላም ብላሻለች። ነጋሽ ማልያሽን ለማንም አልሰጥም፣ ቤቷ ወስደሽ አስቀምጪላት ብሎ ሰጥቶኛል። እሴት ሰላም በይልኝ አላለችኝም፤ አፍራ ይመስለኛል። ካየሻት ትወጃታለሽ።

አባባ አቅፎ ይስምሻል። የመጀመሪያው ጨዋታ መቼ እንደሆነ በየቀኑ ይጠይቀኛል፤ በዳነው ዓይኑ አንቺን ለማየት ፊት ወንበር ላይ እንዳስቀምጠው አስምሎኛል። እስካሁን አልነገርኩትም። ሳትደርሺ እኔ እነግረዋለሁ፤ አንቺ በእሱ አትጨነቂ። አውቶብሱ ቦርደዴን ሲያልፍ ደውዪልኝ፤ መነኻሪያው በር ላይ ታገኚኛለሽ። ስትወርጂ እኛን ለማስደሰት ቀጥ ብለሽ ልትራመጂ እንዳትሞክሪ። እያነከስሽ ውረጂ።

እህትሽ ኮከቤ
ጭሮ፣ መስከረም 24 ቀን 2018 ዓ.ም.