ለአቻምየለሽ የሞቀ ውሃ

አቃቂ፣ ኅዳር 14 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለወይዘሮ አቻምየለሽ
ድሬዳዋ

አቻም፣ ደብዳቤ ሲጀመር «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ማለት ወግ ነው። እኔ ግን ደህና መሆኔን በውል አላውቀውም። እህል እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጉልበቴም ያው እንደ ድሮው ነው፤ ቢሆንም ሰው «እንዴት ነህ?» ሲለኝ መልሱ ይጠፋኛል። አንቺስ እንዴት ነሽ? ልጃችን ያለምወርቅና ባሏስ? ሕፃኑ ይኼኔ መቀመጥ ሳይጀምር አይቀርም።

ይህን የምጽፍልሽ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ ነው። ግቢያችን ውስጥ ያለውን ቁንዶ በርበሬ ልቁረጠው ወይስ ልተወው? ዛፉ ያንቺ ስለሆነ ያላንቺ ፈቃድ እጄን ላሳርፍበት አልፈለግኩም። «ደግሞ ዛፉ ምን አደረገህ?» እንደምትይ አውቃለሁና ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ሰኔ መግቢያ ላይ በላክሽልኝ ወረቀት «እዚህ ቧንቧ ስከፍት ውሃው ሞቆ ነው የሚወርደው፤ ቁርጥማቴም ለቀቀኝ» ብለሽ ነበር። ሌላ ብዙ ነገር አልጻፍሽም። እኔም ነገሩ ገባኝ አልኩ። የአቃቂ ውሃ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ ጠዋት ጠዋት ልብስ ስታጥቢ እጅሽ ሲቀላ አይቻለሁ። እንግዲያው አራስ ልትጠይቂ ሄደሽ የቆየሽው በውሃው ነው፣ ውሃውን ካሞቅኩት ትመጫለሽ ብዬ ደመደምኩ። ጣቢያ ስሸኝሽም «ቤቱን እንደፈለግህ አድርገው» ብለሽኝ ነበር። ፈቃድ አገኘሁ ብዬ ሥራ ጀመርኩ።

አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ከቤቱ ጣሪያ ላይ ያስወረደውን የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ሳሪስ ካለ አሮጌ ዕቃ ነጋዴ ገዛሁ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ነውና ብዙም አላገላበጥኩት። ዕቃው ሁለት ነው። አንደኛው መስታወት የተገጠመለት ጠፍጣፋ ሳጥን ሲሆን ውስጡ ጥቁር ነው፣ ቀጫጭን ቱቦም ተዘርግቶበታል። ሁለተኛው ከበርሜል የማያንስ ታንከር ነው። ውሃው ሳጥኑ ውስጥ በፀሐይ ይሞቅና ታንከሩ ውስጥ ይጠራቀማል፤ መብራት አይጠይቅ፣ እንጨት አይጠይቅ። አብሮት የመጣው ወረቀት በፈረንሳይኛ የተጻፈ ነው። እኔ ደግሞ እንደምታውቂው ከፈረንሳይኛ የማውቀው የምድር ባቡር አለቆቻችን ይሰድቡን የነበረውን ያህል ብቻ ነው።

ሳጥኑ ፊቱን ወደ ፀሐይ ማዞር አለበት ተባልኩ። ይህማ ቀላል ነው ብዬ ጣሪያ ላይ ወጣሁና ዘንግ አቆምኩ። ደመናው ገለጥ ባለ ቁጥር በቀትር የዘንጉን ጥላ አያለሁ፤ ጥላው ወደ ደቡብ፣ ወደ ዝቋላ ይወድቃል። ጥላው ወደ ዝቋላ ከወደቀ ፀሐይዋ በሰሜን፣ በእንጦጦ በኩል ናት ማለት ነው። ደጋግሜ አየሁት፣ ያው ነው። ጎረቤታችን እትዬ ጠጄ ከግቢዋ ሆና «ጋሽ ተሰማ፣ እላይ ምን ጠፍቶብዎት ነው?» ትለኛለች። «ፀሐይ» እላታለሁ። አማትባ ትገባለች። የልጁ ክርስትና የዋለው በዚያው ሰሞን ነበር። አልመጣሁም፤ ጣሪያ ላይ ነበርኩ። ላንቺ ብዬ የማደርገው ስለሆነ ትረጂኛለሽ ብዬ ነበር። ተረድተሽኝ ይሆን?

ጉተማ፣ ያ የጥንት የሃዲድ ጓደኛዬ፣ ሊያግዘኝ መጣ። ዕድሜያችንን ሙሉ ሃዲድ ስናቃና የኖርን ሰዎች ስንገናኝ ሥራው ምን እንደሚመስል አታጪውም። ከባድ ነገር መሬት ይሸከመው ብለን ታንከሩን ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደርበን ከታች አስቀመጥነው። ሳጥኑን የኩሽናው ጣሪያ ላይ ፊቱን ወደ እንጦጦ አድርገን አሰርነው። ቱቦውን ቁልቁሉን በቱንቢ፣ አግድሙን በውሃ ልክ አስተካከልነው። አቻም፣ እንደዚያ ያለ ቀጥ ያለ ቱቦ አቃቂ ውስጥ የለም። ጉተማ ራቅ ብሎ ቆመና «ከያዝን አይቀር ጅቡቲ ድረስ እንቀጥለው» አለኝ።

ክረምቱ ወጣ፣ መስቀል አለፈ፣ ፀሐይዋ ወጣች። ሳጥኑ እጅ የሚያቃጥል ሆነ። ታንከሩ ግን በረዶ ነው። ቧንቧውን ብንከፍት፣ ብንዘጋ፣ ጉተማ በመዶሻ ቢኮረኩመው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ። በመጨረሻ ከተማ ውስጥ ለሆቴሎች እንዲህ ያለ ማሞቂያ የሚተክል አምባው የሚባል ሰው ፈልጌ አመጣሁ። አምባው ግቢውን ዞሮ ዞሮ አየና ቆመ።

«ጋሼ፣ ይህን ማን ሠራልዎት?»

«እኛው ነን።»

«ሥራው ያምራል። ግን ውሃው ታንከሩ ድረስ በምን ይሂድ?»

«ይወርዳላ። ውሃ አይደለም እንዴ?»

«የሞቀ ውሃ አይወርድም ጋሼ። ሲሞቅ ይቀላል፤ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ታንከሩ ከሳጥኑ በላይ መሆን አለበት። ቱቦውም ወደ ታንከሩ ከፍ እያለ ካልሄደ አየር ይይዝና ይቆማል።»

ጉተማ ተቆጣ። «ውሃ ልክ የጠበቀ ነገር ጥፋት የሚሆነው የት አገር ነው?» አለው።

አምባው ወደ ሳጥኑ ቀና አለ። «ፊቱንስ ለምን ወደ እንጦጦ አዞራችሁት?»

«ፀሐይዋ ራሷ ነግራኝ ነው» አልኩት።

«መቼ?»

«በሰኔ።»

«በሰኔማ ልክ ነዎት። በክረምት ወደ እንጦጦ ታዘነብላለች፤ ግን ደመናው መቼ ያሳያታል? ጥርት ብላ የምትገኘው በበጋ ነው፤ በበጋ ደግሞ በዝቋላ በኩል ነው የምታልፈው። እስቲ ዘንጉን አሁን ያቁሙት።»

አቆምኩት። ጥላው ወደ እንጦጦ ወደቀ። አቻም፣ ስንት ዘመን ፀሐይ ላይ ስሠራ ኖሬ ቦታ መቀየሯን አንድ ቀን ልብ አላልኩም። በሰኔ ያየሁት ውሸት አልነበረም፤ በዓይኔ ነው ያየሁት። አምባውም ልክ ነው። ሁለታችንም ልክ ከሆንን ታዲያ የተሳሳተው ማን ነው? ከዚያ ቀን ወዲህ እርግጠኛ የነበርኩበት ነገር ሁሉ እየተምታታብኝ ነው።

እንደገና ጀመርን። የቤታችን ጣሪያ ታንከሩን አይችልም፤ ወራጆቹን ምስጥ በልቷቸዋል። ስለዚህ ከኩሽናው ጎን የብረት ማማ አቁመን ታንከሩን እላዩ ላይ ሰቀልነው። ሳጥኑን ከሥሩ አድርገን ፊቱን ወደ ዝቋላ አዞርነው፣ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ትንሽ ብቻ አዘነበልነው። ቱቦውንም አምባው እንዳለው ሽቅብ አስኬድነው፤ ጉተማ ውሃ ልኩ ሲዛባ ላለማየት ፊቱን አዙሮ ነው የሠራው። በማግስቱ ውሃው ሞቀ። ሞቀ ስልሽ ለብ አለ። ምክንያቱም በዝቋላ በኩል ያለው የግቢው ጥግ ያንቺ ቁንዶ በርበሬ የቆመበት ነው፤ ከረፋድ ጀምሮ ጥላው ሳጥኑን ይሸፍነዋል። አምባው ዕቃውን እየሰበሰበ «ሌላ የሚተከልበት ቦታ የለዎትም። ወይ ዛፉ ወይ ሙቅ ውሃው ነው» ብሎኝ ሄደ።

ጉተማ ምሳሩን ስሎ መጣ። ቆይ አልኩት። ያን ዛፍ ያለምወርቅ በተወለደች ዓመት እንደተከልሽው አውቃለሁ፤ ከዚያ ሌላ አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ሥሩ ተቀምጠሽ ምስር ስትለቅሚ አይሻለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከቤት ሆኜ «እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» ስልሽ «ምንም» ትይኛለሽ። ባለፈው የቅርንጫፎቹን አወራረድ ልይ ብዬ ከሥሩ ባለው በርጩማሽ ላይ ተቀመጥኩ። ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር አለፈ። ከበርጩማሽ ላይ ሆኖ ሲያዩት ባቡሩ ድልድዩን ሲሻገር ጀምሮ ጣቢያ እስኪገባ ይታያል፤ በመስኮቱ ያሉት ሰዎች ሳይቀሩ ይለያሉ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። እዚያ ላይ የምሳፈረው እኔ ነበርኩ፤ ግቢያችን ከባቡሩ ላይ እንደሚታይ እንኳ አይቼ አላውቅም። እኔን ስትጠብቂ ነው እዚያ የምትቀመጪው? ታዲያ ጡረታ ወጥቼ ቤት ከገባሁ በኋላስ ማንን ስትጠብቂ ነበር? ብዙ አሰብኩበት፣ አልገባኝም።

ቢጨንቀኝ ባለፈው ማክሰኞ ቴሌ ሄጄ ያለምወርቅ መሥሪያ ቤት ደወልኩ።

«ልጄ፣ እናትሽን ‹ዛፉን ይቁረጠው ወይ?› ብለሽ ጠይቂልኝ» አልኳት።

«አባዬ፣ እማዬ እዚህ የተቀመጠችው በውሃ ምክንያት ይመስልሃል?»

«ታዲያ በምን ምክንያት ነው?»

«እሷን ጠይቃታ። ከሄደች ጀምሮ አንድ ቀን ‹መቼ ትመጫለሽ?› ብለሃታል?»

ደቂቃው አለቀና መስመሩ ተቋረጠ።

እውነቷን ነው፣ አላልኩሽም። ትመጫለሽ ብዬ ስለማውቅ የሚጠየቅ ነገር አልመሰለኝም። ባቡር መቼ ትመጣለህ ተብሎ አይጠየቅም፤ ይዘገይ እንደሆነ እንጂ ይመጣል። ይህን ለጉተማ ስነግረው ምሳሩን መሬት ላይ አስቀመጠና አየኝ።

«ተሰማ፣ በኛ ዘንድ ሚስት ሄዳ ስትቀር ባል ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌ ካጣ ራሱ ይሄዳል። ጣሪያ ላይ የወጣ ባል ግን ካንተ ሌላ አላየሁም።»

«ሄዳ አልቀረችም፤ አራስ ልትጠይቅ ነው የሄደችው» አልኩት።

«አራሷ እኮ ተነስታ ሥራ ገብታለች።»

ተናድጄ ወደ ቤት ገባሁ። የተናደድኩት በእሱ ይሁን በሌላ ሰው ለይቼ አላውቅም። ቤቱ አስጠላኝ፣ አቻም። በየቀኑ ሰው ቤት እንደተቀመጠ እንግዳ የት እንደምቀመጥ ይጠፋኛል። የኩሽናውን መደርደሪያ እኔ እንዳስተካከልኩት ነው ያለው፤ በቁመት ነው የደረደርኩት፣ በጣም ያምራል፣ ግን ምንም ነገር ፈልጌ አላገኝበትም። ስትሄጂ አንቺም «በገዛ ኩሽናዬ ዕቃ ፈልጌ አጣሁ» ብለሽኝ ነበር መሰለኝ። ያኔ መልስ የሰጠሁሽ አይመስለኝም።

እዚህ ድረስ ጽፌ ደብዳቤውን አጠፍኩትና የባቡሩ ተቆጣጣሪ ኦላና እንዲያደርስልኝ ጣቢያ ወሰድኩት። ኦላና እጁን ዘረጋ። ከኪሴ አውጥቼ ልሰጠው አልቻልኩም። ይህን አንብበሽ «ቁረጠው» ወይም «ተወው» ብለሽ ትመልሺልኛለሽ፤ ከዚያስ? እኔ ተመልሼ ጣሪያ ላይ ልወጣ ነው። ባቡሩ ሄደ፤ እኔም ወረቀቱን ይዤ ተመልሼ፣ ይኸው ቁጭ ብዬ እቀጥላለሁ።

ለጡረተኛ የሚሰጠው የነፃ መሳፈሪያ ወረቀት በልብስ ሳጥን ውስጥ እንደተጠቀለለ አገኘሁት። አንድም ቀን አልሄድኩበትም። የምሄድበት ያለ አልመሰለኝም ነበር። ቅዳሜ ጠዋት እሳፈራለሁ። ቤቱን ለጉተማ አደራ ብያለሁ፤ ምሳሩን ወደ ቤቱ እንዲመልስ ነግሬዋለሁ። ዛፉ እንዳለ ነው። ለብ ያለውን ውሃ እትዬ ጠጄ እየቀዳች ልብስ ታጥብበታለች፣ ለኔ በቂ ነው ትላለች።

ልጁን እግዚአብሔር በጤና ያሳድግልን፣ የያለምወርቅንም ቤት ያሙቅላት። የክርስትና ስሙን ሳልጠይቅ ይኸው እስከ ዛሬ አለሁ፤ ስመጣ ትነግሪኛለሽ።

እንግዲህ ይህን ደብዳቤ በእጅሽ የምሰጥሽ እኔው ነኝ። ነገር በዓይን ይገባል ቢሉም እኔ ፊት ለፊት ሲሆን አፌ እንደሚያያዝ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ያሰብኩት ሌላ፣ የምናገረው ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ወረቀቱን ሰጥቼሽ እወጣለሁ። ቀስ ብለሽ አንብቢው፣ ባቡር የለብኝም። ለምን እንደሄድሽ አሁንም አላውቅም፤ ሽማግሌም አላመጣሁም፣ የማስረዳው ነገር ስለሌለኝ። አንብበሽ ስትጨርሺ በሩን ክፈቺና ንገሪኝ። አላቋርጥሽም።

ባልሽ ተሰማ
ከደጃፍሽ ላይ