በሰባት ወሯ ሰምታኛለች

ባኮ፣ ኅዳር 1980 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ገቢሳ፣

አካም ጅርታ? የሌኒንግራዱ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እዚህ በቆሎው ደርሶ እየተሰበሰበ ነው፤ ሁላችንም ደህና ነን። እኔም በሰላም ተገላገልኩ! ሴት ናት፤ ወርቅቱ ብለናታል።

ክረምት ለእረፍት መጥተህ ያንን ጥቅል ወረቀት ጠረጴዛችን ላይ ስትዘረጋው ባለቤቴ ተሬፋ የእርሻ ካርታ መስሎት ነበር። አንተ ግን፣ "ሕፃን ሳይወለድ የአንጎሉ የላይኛው ሽፋን በየወሩ እንዴት እንደሚያድግ የሚያሳይ፣ በምማርበት የሕክምና ትምህርት ቤት የምንሠራው ካርታ ነው" አልከን። የአምስት ወሩ እንደ ተላጠ እንቁላል ልሙጥ ነው። የሰባት ወሩ ላይ እጥፋቶች ብቅ ብለዋል። እርጉዝ ስለነበርኩ ተሬፋ ሥዕሉንና ሆዴን እያፈራረቀ እያየ ይስቃል።

እኔ አልሳቅሁም። "የማን ልጆች ናቸው?" አልኩህ።

"ሳይወለዱ የሞቱ ናቸው። እናቶቻቸው ፈቅደው ነው።"

ተነሥቼ ጓዳ ገባሁ። ለምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ከሦስት ዓመት በፊት በሰባት ወሯ ሞታ የተወለደችውን ልጄን ዓይኗን እንኳ አላየሁም። ያዋለዱኝ ሴቶች ጠቅልለው ወሰዷት፤ "እንዳልነበረች ቁጠሪያት፣ ገና ሰው አልሆነችም" አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ማንም አላነሳትም፤ ተሬፋም ቢሆን።

ተከትለኸኝ መጣህ። "እታለም፣ ልጠቅልለው?"

"ቆይ። የእኔዋ የቱ ጋ ነበረች?"

መልሰህ ወሰድከኝና ጣቴን የሰባት ወሩ ሥዕል ላይ አኖርክ። በጆሮ በኩል ያለችውን እጥፋት አሳየኸኝ። "ድምፅ የሚደርሰው እዚህ ነው። ቃሉ ባይገባትም ድምፅሽን ሰምታዋለች።"

"እዘፍንላት ነበር" አልኩ።

ይኼኔ ተሬፋ ከተቀመጠበት፣ "እኔም እኮ አወራት ነበር" አለ። ስለ እሷ ሲናገር ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። ሦስታችንም አለቀስን። ገቢሳ፣ እንደዚያ ቀን አልቅሼ ቀልሎኝ አያውቅም።

ለመውለድ ክሊኒክ ስገባ አዋላጇ፣ "የመጀመሪያሽ ነው?" አለችኝ።

"ሁለተኛዬ ነው።"

"ትልቁስ ስንት ዓመቱ ነው?"

ምን እንደምላት ሳስብ ተሬፋ ከበሩ ላይ ቀደመኝ፤ "ሴት ነበረች። ብትኖር ሦስት ዓመቷ ነበር" አላት።

ወርቅቱ እየጮኸችብኝ ስለሆነ ልሂድላት። በርታልኝ፣ ወንድሜ።

እህትህ ድንቅቱ፣
የሁለት ሴት ልጆች እናት