ታንኩ ሳይራገፍ እንቅልፍ የማይወስዳቸው የሣር ማጨጃ ጠጋኝ የሕይወት ታሪክ

ባለቤታቸው «ሰውዬው»፣ ልጆቻቸው «አባዬ»፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው ደግሞ «ጋሽ አፍንጫ» እያሉ የሚጠሯቸው ውድ አባታችን፣ ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1947 ዓ.ም. ከነዳጅ ማደያ ጀርባ በነበረች ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው አራተኛ ልጅ ነበሩ። እናታቸው በሕይወት ሳሉ ይናገሩት እንደነበረው፣ ገና በልጅነታቸው በር ሲንኳኳ የሚደነግጡ፣ አባታቸው ከሥራ ትንሽ ሲዘገዩ ደጅ ወጥተው የሚቆሙ ልጅ ነበሩ። ጭንቀትን ከማንም አልተማሩትም፤ አብሯቸው ተወለደ ማለት ይቻላል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሠፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ጎበዝ ተማሪ ነበሩ። ይሁን እንጂ ፈተና ላይ የጻፉትን መልስ እየተጠራጠሩ ደጋግመው ሲፍቁ ወረቀቱን ስለሚበሱት፣ ውጤታቸው ከችሎታቸው ሁልጊዜ ያነሰ ነበር። ከዚያም ሙያ ትምህርት ቤት ገብተው የአነስተኛ ሞተሮች ጥገና ተማሩና በ1966 ዓ.ም. ተመረቁ። በዚያው ዓመት በከተማው ትልቁ መናፈሻ የሣር ማጨጃ ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ።

በዚያ ዓመት የሆነው ነገር ዕድሜ ልካቸውን አብሯቸው ኖሯል። ዝናቡ አብቅቶ ሣሩ ማደግ ሲያቆም፣ ማጨጃዎቹ ቤንዚናቸው በሆዳቸው እንዳለ፣ እርጥብ ሣር ከቢላቸው ሥር እንደተጣበቀ መጋዘን ገብተው ተዘጋባቸው። ሲሠራ የኖረው እንደዚያ ነበርና አዲሱ ሠራተኛም ምንም አልተናገሩም። ሣሩ ተመልሶ ሲያድግ ግን አንዱም ማሽን አልነሳም አለ። ማስነሻ ገመዱን ሲጎትቱ ውለው ትከሻቸው ሊወልቅ ደረሰ። ቤንዚኑ ተቀምጦ አርጅቶ፣ ቤንዚንን ከአየር በሚያቀላቅለው ካርቡሬተር ውስጥ ሙጫ ሆኖ ቀጫጭን ቀዳዳዎቹን ደፍኗቸው ነበር። የጊዜው ፎርማን ተናደው አሮጌውን ቤንዚን እዚያው መጋዘኑ ውስጥ መሬት ላይ ደፉት፤ ንዴታቸውንም ለማብረድ ብለው ሲጋራ ለኮሱ። ፈጣሪ ሲያተርፍ ከቅንድባቸውና ከአንድ ጫማቸው በቀር የተጎዳ ነገር አልነበረም። መናፈሻው በሙሉ ቅንድብ በሌላቸው ፎርማን ሲስቅ ከረመ። አባታችን ግን አልሳቁም።

ከዚያ በኋላ መጋዘኑን እሳቸው ተረከቡት። ሣር ማደግ ሲያቆም ማሽኖቹን አንድ በአንድ ወደ ውጭ፣ ንፋስ ወዳለበት ያወጣሉ። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀው ታንኩን በቱቦ ወደ ጀሪካን ያራግፋሉ። «ታንክ ባዶ ሆነ ማለት ሞተሩ ባዶ ሆነ ማለት አይደለም፤ ካርቡሬተሩ ሥር የተደበቀ አለ» ይሉ ስለነበር፣ ማሽኑን አስነስተው የቀረችው ቤንዚን ተቃጥላ እስክታልቅና ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ከአጠገቡ አይንቀሳቀሱም። ከዚያ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈተው በቀዳዳው ጥቂት ሞተር ዘይት ጠብ ያደርጋሉ፤ ዘይቱ ውስጡን እንዲያዳርስ ገመዱን ቀስ ብለው ይስባሉ፤ ካንዴላውን መልሰው ያስራሉ። የቢላውን ሥር ፍቀው ያደርቃሉ። ይህን ሁሉ ጨርሰው መጋዘኑን ከቆለፉ በኋላ ደግሞ በበሩ ስንጥቅ ያሸታሉ። «ጋሽ አፍንጫ» የተባሉትም በዚሁ ምክንያት ነው።

በመናፈሻው ችግኝ ጣቢያ ይሠሩ ከነበሩት ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁት በዚሁ ጠባያቸው ነው። አንድ ቀን በችግኞቹ መካከል እያሸተቱ መጥተው «እዚህ ቤንዚን አይሸትሽም?» ቢሏቸው፣ እሳቸውም ቀና ብለው «የምትሸተው አንተ ነህ!» አሏቸው። በ1973 ዓ.ም. ተጋብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ባለቤታቸው እንደሚሉት፣ በትዳር ዘመናቸው ምድጃው መጥፋቱን ለማየት ከመንገድ ያልተመለሱበት ጉዞ የለም። አውቶቡስ ያመለጣቸውን ጊዜ መቁጠር ትተዋል። አንድ ጊዜ «ለአንድ ቀን ብቻ» ብለው የተራገፈውን ቤንዚን በጀሪካን ቤት ይዘው ቢመጡ ባለቤታቸው በሩ ላይ ቆመው «ከእኔና ከጀሪካኑ ምረጥ» አሏቸው። አባታችን የተመለሱት ያለ ጀሪካን ነው፤ ሲመርጡ ግን ትንሽ ማመንታታቸው እስከ ዛሬ ሲነሳ ይኖራል።

ለልጆቻቸው የሚሳሱ አባት ነበሩ። የአያቷን ሙያ የወረሰችው ሴት ልጃቸው የመጀመሪያ የስፌት ሥራዋ ለማጨጃዎቹ የሰፋችው የጨርቅ ልብስ ነበር። ላስቲክ እርጥበት አፍኖ ስለሚይዝና ብረት ስለሚያዝግ የሚተነፍስ ጨርቅ እንዲሆን ያዘዟት እሳቸው ናቸው። ሹፌር የሆነው ወንድ ልጃቸው መንገድ በወጣ ቁጥር ስልክ እስኪደውል ድረስ ምግብ በአፋቸው አይዞርም ነበር።

በ2007 ዓ.ም. በጡረታ ሲገለሉ መጋዘኑን የተረከበው የልጃቸው ባል ነው። አማቻቸው ቀድሞ ሞተር ሳይክል ጠጋኝ የነበረ፣ እጁ የፈጠነ፣ ሳቂታና «ምን ችግር አለው» ከአፉ የማይለየው ሰው ነው። አባታችንን እንቅልፍ የነሳቸውም ይኸው «ምን ችግር አለው» ነበር። መጋዘኑ ውስጥ በኤሌክትሪክ ምድጃ ሻይ ያፈላል፤ በሩን ዘግቶ ይሠራል፤ ታንክ ማራገፉን ለነገ ይለዋል። አባታችንም በየሳምንቱ መናፈሻው ውስጥ ሊንሸራሸሩ የወጡ መስለው ይሄዱና በመጋዘኑ በኩል ያልፋሉ። አማቻቸውም ይህን ያውቅ ነበርና ቅር ይለው ነበር። «ሥራዬን አያምኑኝም» እያለ ለባለቤቱ ሲያማርር ብዙ ጊዜ ተሰምቷል። በአንድ ማዕድ ተቀምጠው ሁለቱም ሳይነጋገሩ የበሉባቸው እሑዶች ነበሩ።

አባታችን ባለፈው ዓመት ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ በጥቅምት ወር 2016 ዓ.ም. ሕመማቸው ስለጠና ሆስፒታል ገቡ። ጊዜው ሣር ማደግ ያቆመበት፣ ማሽኖቹ የሚከተቱበት ወቅት ነበር። የትንፋሽ ማገዣው አፍንጫቸው ላይ እንዳለ የመጣውን ጠያቂ ሁሉ ስለ መጋዘኑ ይጠይቁ ነበር። ሐኪሙ «መጨነቅ ለልብዎ ጥሩ አይደለም» ቢሏቸው፣ «ባልጨነቅ ደስ ይለኛል፣ ዶክተር፤ ግን አላራገፈውም» አሉ።

አማቻቸው ሊጠይቃቸው ሲመጣ «አራገፍከው?» አሉት። «አዎ፣ አባባ፣ ታንኩን አራግፌያለሁ» አላቸው። «ካርቡሬተሩንስ?» አማቻቸው የአልጋውን ልብስ ማስተካከል ጀመረ። ቀጥለውም «ሻይ የምታፈላው አሁንም እዚያው ውስጥ ነው?» አሉት። አማቻቸው ትዕግሥቱ አልቆ «አባባ፣ ማሽኖቹን አላበላሽብዎትም፤ ሥራዬን አውቃለሁ!» አለ። በዚያ ክፍል የነበርን ቤተሰቦች ሁላችን የሰማነው መልሳቸው ይህ ነው፦ «ማሽን ይገዛል። አንተ ብትቃጠል ግን ለልጄ ምን እላታለሁ? እኔስ አንተን ከየት አመጣለሁ?»

አማቻቸው ተነስቶ ወጣ። የተቀየመ መስሎን ደንግጠን ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የሥራ ልብሱን ሳይቀይር፣ እጁን ሳይታጠብ ሮጦ ገባ። ማሽኖቹን ሁሉ አውጥቶ በራሳቸው እስኪጠፉ ድረስ አስነስቶ ከአጠገባቸው ቆሞ ውሏል። ክፍሉ በቤንዚን ሽታ ሲሞላ ነርሷ እየተቆጣች መጣች፤ «ኦክስጅን ያለበት ክፍል ነው! ምን ዓይነት ሰው ነህ?» አለችው። አባታችን የአማቻቸውን እጅ ይዘው ወደ ፊታቸው አስጠግተው አሸተቱት። ከዚያም «እውነቷን ነው፤ ይሄ አደገኛ ነገር ነው። ሂድና ታጠብ፣ ልጄ» አሉት። «ልጄ» ሲሉት የመጀመሪያቸው ነበር። «ምድጃውንም ወደ ቤት ወስጄዋለሁ» አላቸው በር ላይ ቆሞ። ታጥቦ ሲመለስ ተኝተው አገኛቸው። ባለቤታቸው ይህን የመሰለ እንቅልፍ ከጋብቻቸው ጀምሮ አይተውላቸው እንደማያውቁ ይመሰክራሉ።

ከዚያ በኋላ ስለ መጋዘኑ ጠይቀው አያውቁም። ከቤተሰባቸው ጋር ተጫውተው፣ ልጆቻቸውን መርቀው፣ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው በዕረፍት እንዳሉ ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አማቻቸውና ሦስት የልጅ ልጆቻቸው በሐዘን ቀርተዋል።

ይህን ታሪክ ወደ ማተሚያ ቤት ከመውሰዳችን በፊት አንብበን ለማረም ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሳለ አማቻቸው ዘግይቶ ደረሰ። «የት ቀረህ?» ሲባል፣ መንገድ ከጀመረ በኋላ መጋዘኑን መቆለፉን ተጠራጥሮ መመለሱን ተናገረ። «ተቆልፎ ነበር?» ብለው ባለቤታቸው ጠየቁት። «አዎ፣ እማማ። ግን ሁለት ጊዜ ነው የተመለስኩት» አላቸው። ባለቤታቸው ከሐዘናቸው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁና ወዲያው አለቀሱ።

አምላክ ነፍሳቸውን ምንም በማያሰጋበት ቦታ ያኑርልን። አባዬ፣ ከእንግዲህ የምንጨነቀው እኛ ነን፤ አንተ ተኛ።